የሰመጠ መርከብ ሊያይ የወረደው

«መኪና ገጨው ነበር ያላችሁን» አሉ አባ ኪሮስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ድንኳኑ ውስጥ የምሰማው ግን ሌላ ነው።»

ትጊ የንፍሮ ሰሃኑን እንደያዘች ጓዳው በር ላይ ቀረች። የወንድሟ የተድላ አስከሬን ነገ ጠዋት ከእንግሊዝ ይገባል። ሰበታ ግቢያቸው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ለቀብሩ ከተተከለ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ምን ሰሙ አባቴ?» አለች፣ የሰሙትን እያወቀች።

«ባሕር ውስጥ ገብቶ ነው የሞተው ይላሉ። ማንም ሳይገፋው፣ በገዛ ፈቃዱ።» ቄሱ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «ልጄ፣ የነፍስ አባታችሁ ነኝ። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት አይፈታም፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢም አይቀበርም። እስኪመሽ እውነቱን ማወቅ አለብኝ።»

የሰፈሩ ሰው አይፈረድበትም። አንዱ የአክስት ልጅ የእንግሊዞቹን ዜና ስልኩ ላይ አገኘ፤ ግማሹን ተረጎመ፣ ግማሹን ገመተ፣ ወሬውም ምሳ ሳይደርስ ከእናትየው በቀር ድንኳኑን አዳረሰ። ሰው ተሰዶ ሲሄድ ጀልባ ተገልብጦ ባሕር እንደሚበላው ሰበታ ውስጥ የማያውቅ የለም። ወረቀትም ደህና ሥራም ያለው የአውቶቡስ ሾፌር በእረፍት ቀኑ የሰመጠ መርከብ ሊያይ ባሕር ሥር ወረደ ሲባል ግን ማን ያምናል?

«ከፍለውት ነው?» ብለው ጠየቁ የእድሩ ዳኛ ኦቦ ጉርሜሳ።

«ኧረ እሱ ነው የሚከፍለው» አላቸው የአክስት ልጁ።

«ያ ዋቃ! ታዲያ ጤነኛ ሰው ነው ይህን የሚያደርገው? ደግሞስ የሚያሳፍር ነገር ከሌለው ለምን መኪና ነው አሉን?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ ያላት ትጊ ብቻ ነበረች። ተድላ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነው፣ ቤተሰቡ ገና ቡራዩ ሲኖር፣ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተደብቆ ገፈርሳ ግድብ መዋኘት ለመደ። አንድ ቀን እናቱ ወይዘሮ ጥሩዬ ሰው ነግሯቸው እየሮጡ ሲደርሱ፣ ልጃቸው ውሃው ሥር ገብቶ አልወጣም። መሬት ላይ ተንከባለሉ፣ ጮኹ። እሱ ማዶ ብቅ ብሎ ይስቅ ነበር። በዚያው ዕለት የማርያም ሥዕል ፊት አቁመው፣ ሁለተኛ ውሃ ዳር ላይደርስ አስማሉት።

መሐላውን ያፈረሰው ፕሊመዝ የምትባል የእንግሊዝ የወደብ ከተማ ከገባ በኋላ ነው። ለትጊ ብቻ ነበር የነገራት።

«መቶ ዓመት ያለፈው መርከብ ነው ትጊዬ» አላት አንድ ቀን በስልክ፣ የልጅነት ድምፁ ተመልሶ። «ብረቱ ላይ የባሕር አበባ በቅሎበታል፣ ሮዝ ቀለም። ቦይለሩ፣ የእንፋሎት በርሜሉ፣ ውስጥ እንደ እኔ ክንድ የወፈረ፣ እባብ የሚመስል ዓሣ ይኖራል፤ አንገቱን አውጥቶ ያይሻል። ከጎኑ አለት አለ፤ እሱ ላይ የበቀለውን ነጭ ነገር ‹የሞተ ሰው ጣት› ነው የሚሉት።»

«በማርያም! ስሙን እንኳ አትጥራብኝ። አትፈራም?»

«እዚያ ታች የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ጩኸት ስትሰሚ ብትውይ ይገባሽ ነበር። ለእማዬ እንዳትነግሪ።»

አልነገረችም። ከሦስት ሳምንት በፊት የሞቱ ዜና ሲደርሳት፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ሽማግሌዎች «እናትሽን በምን ሞተ እንበላት?» ሲሏት፣ ከአፏ የወጣው «መኪና» ነበር። እናቷ በአንድ ጊዜ ልጃቸውንም መሐላውንም እንዳያጡ ብላ ነው። አሁን ያቺ ቃል ወንድሟን ከቤተ ክርስቲያን ግቢ ልታስቀረው ነው። ትጊ በራሷ ተናደደች፤ በተድላም ተናደደች፤ ምን አለ ኳስ ቢወድ ኖሮ?

ድንኳኑ ጥግ፣ ከሰው ራቅ ብሎ ጆኒ ተቀምጧል። የቡራዩ ልጅ ነው፤ ከተድላ ጋር ገፈርሳ ይዋኝ የነበረ፣ ፕሊመዝም አብሮት የኖረ። ትናንት ከደረሰ ጀምሮ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናህ» ይለዋል፣ እሱ አንገቱን ይደፋል። ትጊ እስካሁን ሸሽታዋለች። አሁን ሄዳ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«ራሱን አጠፋ እያሉ ነው» አለችው። «አባ ኪሮስ ፍትሐት አልፈታም ሊሉ ነው።»

ጆኒ ቀና አለ። «ማስረጃ አለኝ። ግን ካወጣሁት እናትሽ ሁሉንም ይሰማሉ።»

ትጊ ወደ እናቷ አየች። ወይዘሮ ጥሩዬ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸው በለቅሶ ተዘግቶ፣ ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

«አውጣው» አለች።

አባ ኪሮስና ኦቦ ጉርሜሳ ፍራሹ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጆኒ ፊታቸው ተንበርክኮ፣ ከጃኬቱ ኪስ የመጽሐፍ ሽፋን የምታህል ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ አወጣ። እርሳስ በክር ታስሮባታል።

«ከመውረዳችን በፊት የምንጽፍባት ናት» አለ። «ስንት ሜትር እንደምንወርድ፣ ስንት ሰዓት እንደምንወጣ። ሁለት ሁለት ሆነን ነው የምንወርደው፣ ያለዚህች አንወርድም። የዚያን ቀን የጻፈው እሱ ነው።»

ቄሱ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። የተድላ የተንጋደደ የአማርኛ ጽሕፈት ነው። «ታች፣ ሃያ ስምንት ሜትር። ወደ ላይ፣ 5:20። ምሳ ጆኒ ይጋብዛል።» ደግመው አነበቡት፣ ከዚያ ለኦቦ ጉርሜሳ አቀበሏቸው።

ሽማግሌው ሰሌዳዋን አገላብጠው አዩ። «ሊሞት የሚሄድ ሰው ምሳውን አያዝም» አሉ። ወደ ትጊ ዞሩ። «ስሚኝ ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ ክፉ ተናግሬያለሁ። ይቅር በይኝ።»

«ፍትሐቱን ነገ እኔው እፈታለሁ» አሉ አባ ኪሮስ።

ትጊ እፎይ ልትል ስትል ከፍራሹ ላይ የሻከረ ድምፅ መጣ።

«ሁለት ሁለት ነው ያልከው?»

ወይዘሮ ጥሩዬ ጆኒን ያዩታል።

«አዎ፣ እማማ።»

«እንግዲያው አብረኸው የነበርከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ። መርከቡ ላይ የተጠመጠመ አሮጌ የዓሣ መረብ ነበር፤ አላየነውም፤ እግሩን ያዘው። በቢላዋ ቆረጥኩ። አንዱን ስቆርጥ ሌላው ይጠመጠምበታል። የሱ አየር አለቀ፣ ከኔ ተካፈልን። የኔም ማለቅ ጀመረ። እጁን ይዤው ነበር። ለቀቅኩት እማማ። ወጥቼ ሰው ልጥራ ብዬ ለቀቅኩት። የጠራኋቸው ሰዎች ሲወርዱ አልደረሱለትም።»

አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ አፏን ያዘች። ከኋላ አንዱ «ትቶት ነው የወጣው?» ሲል ተሰማ። ኦቦ ጉርሜሳ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ትጊ የእናቷን ፊት ማየት አቃታት።

«ምሎልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ። «ማርያም ፊት ነው የማለልኝ።»

ጆኒ እንደተንበረከከ፣ የሚመጣበትን ሁሉ ሊቀበል አንገቱን ደፍቶ ጠበቀ።

«በየትኛው እጅህ ነው የያዝከው?» አሉት ወይዘሮ ጥሩዬ።

መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ቀኝ እጁን ቀስ ብሎ ዘረጋ።

ወይዘሮ ጥሩዬ በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። አገላብጠው መዳፉን አዩ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሱ፣ ከዚያ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባ ኪሮስ ለጸሎት ቆሙ፤ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ተነሣ። ወይዘሮ ጥሩዬ ግን አልተነሡም፣ የጆኒንም እጅ አልለቀቁም።