የሆኽስቱ ሽማግሌ

አባቴ ልጁን የሚሰጠው ቋሚ ኮንትራት ላለው ሰው ብቻ እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። አገር አልጠየቀም፣ ዘር አልጠየቀም፣ መልክማ ጭራሽ ትዝም አላለው። ብቻ ሥራው «ኡንበፍሪስተት» ይሁን። ጀርመኖች የጊዜ ገደብ የሌለውን ኮንትራት እንዲህ ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ ዕድሌ ሆነና ኢሳያስን ወደድኩ። ኢሳያስ ዛሬ የፍራንክፈርት አካል በሆነችው ሆኽስት፣ የኬሚካል ፋብሪካዎች ግቢ ውስጥ ታንከር ያጥባል። ኮንትራቱ በየዓመቱ መጨረሻ ያልቃል፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ይታደሳል፣ በመሃሉ እኔ ቀን እቆጥራለሁ።

በአባቴ አይፈረድም። ድሮ ሆኽስት ውስጥ የነበረው አንድ ትልቅ ፋብሪካ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ቀለምና መድኃኒት ሲሠራ የኖረ፣ ከተማዋን በሙሉ የሚያበላ። አባቴ ማሸጊያ ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል፣ ያውም በቋሚ ኮንትራት። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጨረሻ ፋብሪካው ተቆራርጦ ለብዙ ኩባንያዎች ሲከፋፈል የአባቴን ክፍል የፈለገው አልነበረም። የመባረሪያ ደብዳቤው ቤታችን ሲደርስ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ጀርመንኛውን ያነበብኩለትም እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ይጭናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። ቋሚው ኮንትራት ያልጠቀመው ሰው ለምን ለልጁ ቋሚ ይመኛል ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁት። እኔ ጠይቄው ሁለት ሳምንት አኩርፎኛል።

በፈረንጆቹ 2012 የጸደይ ወር ኢሳያስ ቆርጦ ተነሳና ሽማግሌ ሊልክ ወሰነ። ወላጆቹ እዚህ የሉም። ታክሲ የሚነዱትን አቶ ሓረጎትንና የጸሎት ቤታችንን አገልጋይ አቶ ተካልኝን ለመነ። ሦስተኛው ሰው እሁድ ሊመጣ ቅዳሜ ማታ የሥራ ፈረቃው ተቀየረበት። ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይሄድም። ኢሳያስ ሲጨንቀው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ምድር ቤት የሚኖሩትን ጀርመናዊ ጎረቤቱን ሄር ዲንጌስን፣ በእኛ አቶ ዲንጌስን፣ ጠየቀ። ለእኔ የነገረኝ እሁድ ቀን፣ ሊመጡ ሦስት ሰዓት ሲቀራቸው ነው። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ሄር ዲንጌስ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ቀለም ክፍል አለቃ ነበሩ፣ በኋላም ሃያ ዓመት ሙሉ የሠራተኛው ተወካይ ሆነው ከፋብሪካው አለቆች ጋር ተከራክረዋል። ሆኽስት እስከ 1928 ድረስ ራሷን የቻለች ከተማ ነበረች፤ እሳቸው የተወለዱት ፍራንክፈርት ሆኽስትን ከመዋጧ ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ራሳቸውን የሚቆጥሩት ከመጨረሻዎቹ እውነተኛ የሆኽስት ተወላጆች አንዱ አድርገው ነው። በባቡር አሥር ደቂቃ ለሚፈጅ መንገድ «ፍራንክፈርት ልሄድ ነው» ብለው ጎረቤት ይሰናበታሉ። በፍራንክፈርት ስም የሚጠራውን ኬክ እንኳ አፋቸው አያስጠጉም።

ኢሳያስ ደረጃው ላይ ሥርዓቱን አስጠናቸው፦ ተቀመጡ ሳይባል አይቀመጡም፣ ቃል ሳይሰማ እህል አይቀመስም፣ የሚናገሩት አቶ ሓረጎት ናቸው፣ የልጅቱ አባት «ሌላ ቀን ተመለሱ» ሲሉ እጅ ነስቶ መውጣት ነው። ሄር ዲንጌስ በጥሞና ሰምተው ስንት ዙር እንደሚፈጅ ብቻ ጠየቁ። ሦስት ሲባሉ፣ እሳቸው የመላውን ፋብሪካ ደመወዝ በሁለት ዙር ጨርሰው እንደሚያውቁ ተናገሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዞሰንሃይም ያለው ቤታችን ደወል ጮኸ። እኔ መኝታ ቤት ነኝ፤ በሩን ለአንድ ዓይኔ የሚበቃ ክፍተት ትቼለታለሁ። አቶ ሓረጎትና አቶ ተካልኝ ገብተው በሥርዓቱ ግድግዳውን ተጠግተው ቆሙ። ሄር ዲንጌስ እናቴን ጨበጡ፣ ራሳቸው የጋገሩትን የፖም ኬክ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ፣ ከዚያም ሄደው የአባቴ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቢላ ጠየቁ። እናቴ አባቴን አየች፣ አባቴ ጣሪያውን አየ፣ ቢላው መጣ። አቶ ሓረጎት በትግርኛ ቃና ስለ ዝምድናና ስለ በረከት የተዘጋጁበትን ሲናገሩ ሽማግሌያችን ኬክ ይቆርሳሉ። እኔ ትራሱን ነክሼ ሳቄን ልያዝ፣ ልቅሶዬን ልያዝ አላወቅኩም። በዚህ ሰው ምክንያት ኢሳያስን ላጣው ነው አልኩ።

አቶ ሓረጎት ሲያበቁ አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ለቤተሰብ መንገር፣ ማሰብም እንደሚያስፈልግ ተናግሮ በሁለት ሳምንት እንዲመለሱ ጠየቀ። ቃናውን አውቀዋለሁ። አባቴ በእንዲህ ያለ ድምፅ «በሁለት ሳምንት» ካለ በሁለት ዓመትም አይሆንም። አቶ ሓረጎትና አቶ ተካልኝ እጅ ነስተው ወደ በሩ ዞሩ። ሄር ዲንጌስ ግን ምን እንደተባለ አስተረጎሙና ንቅንቅ አላሉም። እምቢታ ምክንያት አለው፣ ምክንያቱን ሳይሰሙ ከጠረጴዛ ተነስተው አያውቁም።

አባቴ ያን ጊዜ ወደ ጀርመንኛ ዞረ፤ ፋብሪካ ውስጥ የለመደው፣ የሆኽስት ሰዎች ጀርመንኛ ነው። የኢሳያስ ኮንትራት ገደብ እንዳለው፣ ሴት ልጁን ለአንድ ዓመት እንደማያከራይ ነገራቸው።

ሄር ዲንጌስ ሹካቸውን አኖሩ። «የእኔ ኮንትራት ገደብ አልነበረውም፣ የአባቴም እንደዚሁ። አያቴ ሲቀበር እጁ ከቀለሙ የተነሳ ገና ቀይ ነበር። ሦስት ትውልድ፣ ሁሉም በቋሚ። ፋብሪካው ግን የት አለ?»

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ። ሲቆጣ ድምፁ ዝቅ ይላል እንጂ ከፍ አይልም። «እርስዎ የሠራተኛ ተወካይ ነበሩ» አለ፤ ከፋብሪካው ዘመን ያውቃቸዋል። «እኛን ሲያባርሩን የት ነበሩ?»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቤት ድረስ የመጣ ሽማግሌ እንዲህ አይጠየቅም። አቶ ተካልኝ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ቤቴ ነበርኩ» አሉ ሄር ዲንጌስ። «ጡረታ ወጥቻለሁ። በር ላይ ሰልፍ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ መጋረጃዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ጡረታዬን አልነኩብኝማ።» ወደ አባቴ ዞሩ። «ፍራንክፈርት ከተማዬን ስትወስድ ማንም አልጠየቀንም ብዬ ዕድሜ ልኬን አማርሬያለሁ። እናንተንም የጠየቃችሁ አልነበረም፤ ያኔ ግን ቃል አልወጣኝም። ይኼ ልጅ ሽማግሌ ሁነኝ ሲለኝ የመጣሁት ለእሱ ብቻ አይደለም፣ ሄር ሳህሌ። አሥራ አምስት ዓመት ዘግይቼ ነው የመጣሁት።»

አባቴ ያን ደብዳቤ ካነበብኩለት ቀን ጀምሮ ስለ ፋብሪካው ሲሳደብ ሰምቼዋለሁ፣ ሲቀልድም ሰምቼዋለሁ። ይቅርታ የሚመስል ነገር ያመጣለት ግን አልነበረም፤ እኔም እንደሚፈልገው አላውቅም ነበር። ትራሱን ትቼ አለቀስኩ።

«እታገኝ» ብሎ አባቴ ጠራኝ። ልጅቱ ቃል ከመሰጠቱ በፊት ለሽማግሌ እንደማትታይ ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው። ዓይኔን ጠራርጌ ወጣሁ።

«እኔ ያሰብኩት ለአንቺ ነው» አለኝ በአማርኛ። «ግን አልጠየቅኩሽም። አንቺስ? ትፈልጊዋለሽ?»

ዕድሜዬን በሙሉ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ እናቴ ምላስሽ ስለት ነው ትለኛለች። ለዚህ ቀን ደግሞ ስንት ክርክር አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም። አባቴ ጠበቀኝ። ዝምታዋ እሺታ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር፤ አላለፈውም።

«እፈልገዋለሁ፣ አባዬ» አልኩት።

«እንግዲያው ልጄን ሰጥቻለሁ» አለ፤ መጀመሪያ በአማርኛ ለቆሙት፣ ቀጥሎ በጀርመንኛ ለተቀመጡት። አቶ ሓረጎት ወንበራቸው እስኪቀርብላቸው ይጠብቁ ነበር፤ አባቴ ግን ወንበር ስቦ ሄር ዲንጌስ አጠገብ ተቀመጠና ኬክ እንዲቆርሱለት ሳህኑን ዘረጋላቸው።