ሁለት ሴንሰር የበላ ሞተር

«ጭሱን አላየኸውም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ሰው እየጠበቀኝ ነበር። አስነሳሁና ሄድኩ።»

ከዚያ በኋላ የተባለውን መካኒኩ አያስታውሰውም። ያኔ ሕፃን ነበር። ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ወዲያ አባቱ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ስለ ጀልባው ሞተር ሲያወሩ እየሰማ፣ ወሬው ሳያልቅ እንቅልፍ ጣለው። ሰውየው መሀል ሐይቅ ላይ ምን እንዳገኘው ሊጠይቅ ሲያስብ አባቱ አልፈው ነበር። ብቻ ዛሬም ድረስ ጥቁር ጭስ ያየበትን ሞተር ወደ ሐይቅ አይለቅም።

ዛሬ የሚያጨሰው ደግሞ የእህቱ ሞተር ነው።

ታላቅ እህቱን ወደቡ በሙሉ «አለቃ» ይላታል። በሐይቁ ላይ ሰው የምታሻግር ብቸኛ ሴት ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠውን ታስነሳለች፣ የቆመውን ታስቀምጣለች። ጧት የልጇ ባል ከማዶ ደውሎ «ምጥ ይዟታል፤ እናቴን ጥሩልኝ እያለች ነው» ካላት ወዲህ ግን ለራሷ መቀመጥም መቆምም አልሆነላትም። ከጋራዡ በር እስከ ውሃው ዳር ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ሰማዩን ታያለች። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከተነሳ ማንም አይሻገርም።

«አንተ፣ አልጨረስክም?»

«እትዬ፣ አሁን እኮ ጠየቅሽኝ።»

«አሁንም ደገምኩ። ምን ይጠበስ?»

ሞተሩ ውሃ በሞላው በርሜል ጠርዝ ላይ ታስሮ ያጓራል። የኦክስጅን ሴንሰሩ አፍንጫው ነው፤ ጭሱን እያሸተተ ለሞተሩ ኮምፒውተር «ነዳጅ በዛ፣ ነዳጅ አነሰ» ይላል። ደህና ሴንሰር ከሆነ፣ ሞተሩ ሲሞቅ የቴስተሩ ቁጥር አንድ ቦታ አያርፍም። ወደ አንድ ቮልት ይጠጋል፣ ወዲያው ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። የዚህኛው ግን ከታች ቁጭ ብሏል፤ ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያነሰ እየመሰለው ይጨምራል። ያም ሆኖ ዕቃው አሮጌ አይደለም። እሱው ራሱ በቅርቡ የገጠመው ነው። ከዚያ በፊትም አንድ ቀይሮ ነበር።

ሽቦውን ፈተሸ፤ ደህና ነው። የሴንሰሩን ማሞቂያ ለካ፤ እሱም ደህና። «ጌታዬ፣ ዓይኔን ግለጥልኝ» አለ በልቡ፤ ሞተሩን አጥፍቶ ሴንሰሩን ፈታ። ጫፉ በጥላሸት ቢጠቁር ባልገረመው። ግን እንደ ዱቄት ነጥቷል።

ጎንበስ ብሎ የጭስ መውጫውን ሽፋን ዙሪያውን አየ። ከጠርዙ ወፍራም ግራጫ ነገር ተርፎ ወጥቷል፤ በጣት በደንብ ተለስኗል።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ሲሊኮን የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኛ። ጭስ ሲያመልጠው ዝም ብዬ ልየው?»

«አንዴ ብቻ ነው የቀባሽው?»

«ምን በወጣኝ! አንተ አዲስ ዕቃ በገጠምክ ቁጥር እኔም ለምርቃት እደግመዋለሁ።»

መካኒኩ ሳቁ መጣ፤ ዋጠው። ጀልባ ላይ ያደገ ሰው ቀዳዳ አይቶ ሳይደፍን አያድርም። የእሷ ጀልባ እስከ ዛሬ ጠብታ ያላስገባችውም በዚሁ ጣት ነው። ግን ሲሊኮን ሲሞቅ የሚወጣው ትነት የሴንሰሩንም አፍንጫ ይደፍነዋል። ነገራት።

«በገዛ እጄ ገደልኩት በለኛ።»

«ሁለቱንም።»

«እሰይ! እንግዲያው ሦስተኛውን ግጠምና ልሂድ።»

«የቀረኝ አንድ ነው። ይህን ሁሉ ሳልፍቅ ብገጥመው እሱንም እንቀብረዋለን። ሽፋኑን አውርጄ፣ ፍቄ፣ በሲሊኮኑ ቦታ ጋርኒሲዮን ቆርጬ እስካስገባ ይመሻል።»

«ንቀለው ታዲያ! ያለ አፍንጫ ይሂድ።»

ነዳጁን ከሚያቀጣጥሉት ካንዴላዎች አንዱን ፈትቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። በነዳጅ ርሶ ጠቁሯል። «መለወጫ የለኝም። ያደርስሽ ይሆናል፤ መሀል ላይ ይጠፋብሽም ይሆናል። እኔ አላውቅም። ሳላውቅ ደግሞ አልሰጥሽም።»

«ልጄ እየጠበቀችኝ ነው እኮ!»

መፍቻው በእጁ ላይ ቀረ። የዓሣ አጥማጁ «ሰው እየጠበቀኝ ነበር» ትዝ አለው። በመስኮቱ አሻግሮ ወደቡን ተመለከተ። «ሬዲዮ» ገመዱን እየፈታ ነበር። ሬዲዮ የተባለው አፉ ስለማይዘጋ ነው፤ ከአለቃ ጋር በወረፋ ሲጣላ የኖረ ጀልበኛ።

«እትዬ፣ ሬዲዮ ሊወጣ ነው።»

«በበርሜሉ ብሻገር ይሻለኛል!»

«በርሜሉ ያፈሳል። ሲሊኮን ይፈልጋል።»

ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሀል ላይ ተሰበረና ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። «በሰው ጀልባ ተሳፍሬ አላውቅም» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እጄን ምን አደርገዋለሁ?»

ስልኳ ጮኸ። የልጇ ባል ነው፤ ግን እሱ ከሚለው ይልቅ ከኋላው የልጇ ጩኸት ይሰማ ነበር። አለቃ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወደ ወደቡ ሮጠች፤ መካኒኩ ቦርሳዋን ይዞ ተከተላት።

«አለቃ በእኔ ጀልባ?» አለ ሬዲዮ፤ አፉ ለአፍታ ተዘግቶ ነበር። «ዛሬስ ሐይቁ ይደርቃል!»

«ልጇ ምጥ ላይ ናት» አለው መካኒኩ።

ሬዲዮ ቀልዱን ትቶ መንገደኞቹን ጠጋ ጠጋ አደረገ። «ግቢ እንጂ እህቴ! ግን አንድ ነገር፤ መሪዬን እንዳትነኪ፣ አነዳዴንም እንዳትተቺ። በዚህ ከተስማማሽ።»

እሷ ሞተሩን አየች፣ የታሰረበትን ዘዴ አየች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ መካኒኩ ትንፋሹን ያዘ። ወደ ማዶው ተመለከተችና ገባች፤ መሀል ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት እጇን ከጭኗ በታች ከተተች።

«እሺ» አለች። «አልናገርም። ንዳ።»