ፋይሶ ማሽን መረጠች

ፋይሶ ሆድ ብሷታል። በወጉ ቢሆን የሙሽራ እናት ከዘመድ ሴቶች ጋር ሆና፣ እንጨት አጉብጣ፣ የልጇን አቃል፣ የሶማሌን የሙሽራ ጎጆ፣ በገዛ እጇ ታቆም ነበር። የእሷም እናት አቁማላታለች። ልጇ ናስትሆ ግን በግመል የሚጫን የገጠር ጎጆ ምን ያደርግላታል? ስልኳ ላይ ያየችው ዓይነት ፎቅ ያለው የእንጨት ቤት ጅጅጋ ላይ እንዲሠራላት ፈለገች። ሥራው ለተቋራጩ ለወልደሩፋኤል ተሰጠ፤ ለእናት የተረፈው ከልጇ አፍ የወጣ «ሆዮ፣ እናቴ፣ አንቺ አትድከሚ» የሚል፣ ምርቃት የመሰለ ስድብ ነው።

የጣሪያው እንጨት መሬት ላይ ተገጣጥሞ ሲያልቅ ክንዱ እየተሳበ የሚረዝም ማንሻ ማሽን መከራየት ግድ ሆነ። ፋይሶ ማንም ሳይጠራት የወልደሩፋኤል መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ምን አደከመዎት፣ ወይዘሮ ፋይሶ?» አለ ወልደሩፋኤል።

«ለልጄ ቤት እጄን ካላነሳሁ፣ የሚያነሳውን እንኳ ልየው።»

ማከራያው ግቢ ሁለት ማሽን ቆሟል። አንዷ ክንደ ረጅም፣ ቢጫ ቀለሟ የሚያብረቀርቅ፤ ሌላዋ አጭር፣ ደንዳና፣ ቀለሟ የተላላጠ። እግዜር ቁመት የቆጠበበት ወልደሩፋኤል ረጅሟን ሲያይ ልቡ ቀለጠ።

«እቺ ናት!»

«ተጭና ትነሳ» አለች ፋይሶ። ግመል ሳትጫን ስትነሳ አይቶ የሚገዛ ሞኝ በዘመዶቿ መሃል አልተወለደም።

የማሽኖቹ ሾፌር ሊባን እየሳቀ ግቢው ውስጥ የተቆለለ የጣሪያ እንጨት ጫነባት። ረጅሟ ሽቅብ ስታነሳ ደህና ነበረች፤ ክንዷን ወደ ፊት ስትዘረጋ ግን ጮኸችና ቀጥ አለች። «በራቀች ቁጥር አቅሟ ይቀንሳል» አለ ሊባን። አጭሯ ያንኑ ጭነት ይዛ ጠባቡን ግቢ ዞረች፤ ለአንድ ፎቅ ቤት ቁመቷም ይበቃል።

«መልክ ታጥቦ አይጠጣም ትሉ የለ እናንተው?» አለች ፋይሶ። ወልደሩፋኤል ቢጫዋን ዞር ብሎ እያየ አጭሯን ተከራየ።

በማግስቱ የዘመድ ሴቶች ሁሉ ሊያዩ መጡ። ሊባን እንጨቱን አንስቶ፣ ማረፊያው ከታች ስለማይታየው፣ «በእጅ ምልክት የሚመራኝ ማነው?» ሲል ጮኸ። ወልደሩፋኤል እጁን ሊያነሳ ብሎ ፋይሶን አያት። ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው ሰውዬ እጁን ኪሱ ከተተ።

«እሷን እያት» አለው ሊባንን።

ፋይሶ ሻሿን አጥብቃ ደረጃውን ወጣች። እጇን ከፍ ስታደርግ እንጨቱ ከፍ አለ፤ ወደ ራሷ ስትስበው ቀረበ። ሴቶቹ ከታች እልል አሉ። ቀኑን ሙሉ የመጨረሻው እንጨት እስኪያርፍ ድረስ እጇን አላወረደችም። ደስታዋን የት ታድርገው!

ማታ ክንዷን አመማት። «የልጄን ቤት ሳቆም ውዬ ነው» እያለች ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች፤ ለናስትሆማ ሁለቴ ነገረቻት።