ቀይዋ አውሮፕላን

የብርጓል ደብረ ማርቆስ ውስጥ መድኃኒት ቤት አላት። አዲስ አበባ እየተመላለሰች አውሮፕላን ማብረር ከተማረች ወዲህ ግን ልቧ አየር ላይ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሲሞላት የራሷን ትንሽ አውሮፕላን ልትገዛ ቆረጠች። ባለቤቷ ደመላሽ ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ ተስማማ።

ለሽያጭ የቀረቡ ሁለት አገኘች። አንደኛዋ ቀይ፣ አዲስ፣ ሲያዩዋት የምታስጎመጅ ናት፤ የአዳማ ነጋዴ የሆነው የፈሐድ ንብረት። ሁለተኛዋ ቀለሟ የለቀቀ፣ ወንበሯ የተጣፈ አሮጊት ናት፤ ሞተሯ ግን ትልቅ ነው። የብርጓል ቀይዋን ካየች በኋላ ሌላ አልታይ አላት።

ዕድሜ ልካቸውን የአውሮፕላን መካኒክ የነበሩት ጡረተኛው ጋሼ አምደሚካኤል ሁለቱንም አገላብጠው አዩላት።

"ቀይዋ ነውር የለባትም" አሉ። "ሞተሯ ግን ትንሽ ነው። ማርቆስ ደጋ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። ዳገት ላይ ሰው እንደሚያለከልከው ሞተርም ያለከልካል።"

"አዲስ አበባም እኮ ደጋ ነው፣ ጋሼ።"

"እዚያ መንደርደሪያው ረጅም ነው። አንቺ የምትነሺው ከአጭር የሣር ሜዳ ነው። ሙቀት ደግሞ አየሩን ይብስ ያሳሳዋል። ሳትገዣት በፊት እዚሁ፣ በቀትር፣ ሁለት ሰው ሆናችሁ ሞክሯት።"

ፈሐድ ቅር ሳይለው ቀይዋን ይዞ መጣና ከከተማው ወጣ ብሎ በይጁቤ መንገድ ካለው የሣር ሜዳ ላይ አሳረፋት። ጋሼ አምደሚካኤል ሜዳው አጋማሽ ላይ ነጭ ጆንያ አነጠፉ።

"እዚህ ስትደርሺ ጎማዋ ሣሩን ለመልቀቅ ካልቀለለ ነዳጁን ወዲያው ዝጊ። አትለማመጫት።"

የብርጓል መሪውን ያዘች፤ ፈሐድ ከጎኗ ተቀመጠ። ነዳጁን እስከ መጨረሻው ሰጠች። ሞተሩ ጮኸ፤ አውሮፕላኗ ግን ጭነት እንደበዛበት ጋሪ ትጎተታለች። ጆንያው መጣ፤ አለፈ። ጎማው ገና ሣሩን አልለቀቀም።

"ትነሳለች! ትንሽ ጠብቂ!" አለ ፈሐድ።

ከፊታቸው ያለው ባሕር ዛፍ እየገዘፈ መጣ። የብርጓል ነዳጁን ዘጋችና ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠች። አውሮፕላኗ ተንሸራትታ ተንሸራትታ፣ ከሜዳው ጫፍ ያለው ቦይ ውስጥ ልትገባ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመች።

"ወላሂ፣ አዳማ ላይ እንዲህ ሆና አታውቅም" አለ ፈሐድ ላቡን እየጠረገ። "እንኳን ዘጋሽ፣ እህቴ። እኔ ብሆን አልዘጋም ነበር።"

ከሜዳው ዳር ሲያይ የነበረው ደመላሽ እየሮጠ ደረሰ። የብርጓል ከአውሮፕላኗ ወርዳ ክንፉን ተደግፋ ቆማለች። ጋሼ አምደሚካኤል "ብዬሽ አልነበር?" አላሉም።

"አብራሪ ነሽ" አሏት ብቻ። ያን ጊዜ እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ገና ብርዱ ሳይለቅ ፈሐድ ብቻውን ተነስቶ በሰላም አገሩ ገባ። የብርጓልም አሮጊቷን አውሮፕላን ገዛች።

በጥር አንድ ቅዳሜ ደመላሽን በአሮጊቷ አሳፈረችው። ቀበቶውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ጨፈነ። ሜዳው ሳይጋመስ ጎማው ለቀቀ።

"ተነሳን እንዴ?"

"ተነሳን።"

ደመላሽ ከሆዱ ተነፈሰ፤ እሷም ሳታስበው አብራው ተነፈሰች። ከዚያ ወሬው መጣለት፤ አውድማውን፣ የጭድ ክምሩን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት በጣቱ እያሳየ ለፈለፈ። የቁይን ከተማ ካለፉ በኋላ ግን ድምፁ ጠፋ። ዞር ብላ ብታየው፣ አፉን ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል።

እንዳትቀሰቅሰው ቀስ ብላ አውሮፕላኗን በግራ በኩል ወደ ማርቆስ አዞረች።