እሑድ እሑድ የሚጠፋው ኮምፒውተር

አርባ ዓመት ሰዓት ስጠግን የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ ብልሽቱ ሁልጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ድንገት እየጠፋ በራሱ መነሣት ሲጀምር ማንንም ሳላማክር ሆዱን ከፈትኩት።

ልጄ ከአጠገቤ ርቃ ውጭ አገር ከሄደች ስድስት ዓመት ሆናት። እሑድ ከሰዓት በኋላ በኮምፒውተሩ እየተያየን እናወራለን። ሳምንቱን የምገፋው ለዚያች ሰዓት ነው። መኝታ ቤቷ እንደነበረ ነው፤ የራስጌ ሰዓቷን ቅዳሜ ቅዳሜ እሞላለሁ፣ ስትመለስ ቆሞ እንዳታገኘው።

ስለ ሥራዋና ስለ ብርዱ ስታወራኝ ኮምፒውተሩ ምንም አይል። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» ስትል ግን ድርግም ይላል። ተነሥቶ ነፍስ እስኪዘራ እሷ ሥራ ገብታለች። ሦስት እሑድ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው መልእክት ላከችልኝ፤ «መስማት ካልፈለግህ ንገረኝ እንጂ ጆሮዬ ላይ አትዝጋብኝ።»

አንጀቴን ቆረጠችው። እኔ በልጄ ጆሮ ላይ ልዘጋ?

አቧራውን በቀጭን ብሩሽ ጠረግኩ። ማራገቢያውን ፈትቼ ዘይት ጠብ አደረግኩበት። መብራት የሚቀበልበትን ሳጥን በአዲስ ቀየርኩ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ፊልም ከፍቼ ከሩቅ ወንበር ላይ ሆኜ ጠበቅኩት፤ እንደ ጨዋ ልጅ ዋለ። እሑድ ልጄ ድምጿን ዝቅ ስታደርግ አመሉ ተነሣበት።

ኩራቴን ዋጥ አድርጌ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን የኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራኋት። ክዳኑን ከፍታ አየች።

«አባባ፣ ማነው እንዲህ ያጸዳው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት ደረቴን ነፍቼ።

«ከእኔ ሱቅ ይልቅ ንጹሕ ነው። እንግዲያው ውስጡን ይተዉት።»

ይተዉት ማለት ምን ማለት ነው? ተናደድኩ። ሳሎን ሄዳ በስልኳ ደወለችልኝ። ፊቷን ስክሪኑ ላይ እያየሁ ሩብ ሰዓት ያህል ስለ ዝናብ አወራን። ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም።

«ከልጅዎ ጋርም እንዲህ ነው የሚያወሩት?» አለችኝ ተመልሳ።

«አንቺ ልጄ አይደለሽም።»

ትንሽ አሰበችና የልጄን ፎቶ ስክሪኑ ላይ ከፈተችው። «ይኸው እሷ ናት። የሆነ ነገር ልትነግርዎት ነው፤ ያድምጧት።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ ግን ከዓይኗ ሥር አንድ መስመር አየሁ። ስትሄድ አልነበረም። ሰዓት ላይ እንደማጎነብሰው ወንበሬን ስቤ ተጠጋኋት። ስክሪኑ ድርግም አለ።

ጠጋኟ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ ነበር። «እንዳይነቃነቁ! ጉልበትዎን ይዩት።»

ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር በቆመው የኮምፒውተሩ ሳጥን ፊት ላይ፣ እንደገና ማስነሻ ቁልፉ ላይ ተለጥፏል። አፈርኩ። ከልጄ ያቆራረጠኝ መጠጋቴ ነው፤ አርባ ዓመት ውስጥ ውስጡን ሳይ የራሴን ጉልበት አላየሁም። ጠጋኟ እየሳቀች የቁልፉን ገመድ ከውስጥ ነቀለችው።

«ከእንግዲህ ሲጫኑት ቢውሉም አይጠፋም» አለችኝ።

እሑድ ልጄ ስትደውል ቀድሜ የጉልበቴን ጉድ ነገርኳት። ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ሳቀች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

ተጠጋሁ።

«እዚህ ቤት ገዝቻለሁ። አልመለስም፣ አባዬ።»

ከመኝታ ቤቷ ትናንት የሞላሁት ሰዓት ይሰማኛል። ጉልበቴ ቁልፉን ፈልጎ አገኘው። ተጫንኩት፤ በዚህኛው አውቄ ነው። ደግሜ ተጫንኩት። ልጄ ግን ከስክሪኑ አልጠፋችም፤ አፍ አፌን ታየኛለች።

«አባዬ፣ አለህ?»

«አለሁ» አልኳት። «ቀጥዪ።»