በወተት ቆርቆሮ የመጣው ዓሣ

ሃልቫርና ቱሬ በአንድ ጅረት ግራና ቀኝ እየኖሩ ሰማንያ ዓመት ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸውም። ሃልቫር ዝምታ የሚያሳክከው ሰው ነው። ቱሬ በበኩሉ ቃል ይቆጥባል፤ ያየውን ሁሉ በዓሣ ማጥመጃ ጎጆው መቃን ላይ በእርሳስ ይጭራል እንጂ አያወራም።

ሃልቫር በሃያ ዓመቱ፣ የጅረት ትራውት የሚባለውን የባሕር ማዶ ዓሣ በወተት ቆርቆሮ ተሸክሞ ኮረብታ አቋርጦ፣ ድሮ ግንድ በውኃ ለመንዳት ከተሠራው ግድብ በላይ ጅረቱ ውስጥ ለቀቀው። መንደሩም "የቆርቆሮው ሃልቫር" አለው። ስሙ እስከ ዛሬ ያኮራዋል፤ ቆርቆሮውም ልጁ አበባ ተክላበት ደጃፉ ላይ ቆሟል።

ዘንድሮ ዓሦቹ እንቁላል በሚጥሉበት መስከረም፣ ቱሬ ጠራው።

"ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ዘንድሮ ዓሦቹን አንተ ቁጠርልኝ።"

"አንተ ሰውዬ፣ ዓሣ ስትቆጥር ጥርስህን መቁጠር ረስተሃል። አንዲት ብቻ ቀርታሃለች!"

"እሷ ግን እንደ አንተ አትለፈልፍም።"

ሃልቫር እየሳቀ ወጣ። ከግድቡ በላይ የእርሱ ዓሦች ሆዳቸው እንደ ፍም ቀልቶ፣ ክንፋቸው በነጭ ተከፍፎ፣ ጠጠሩን ሞልተውት ነበር። አፍ ያስከፍታሉ። ሊመዘግብ ወደ ጎጆው ሲገባ ግን መቃኑን አነበበ። ጭረት ለአገሬው ቡናማ ትራውት፣ ክብ ለእንግዳው። በየዓመቱ ክቡ ይበዛል፣ ጭረቱ ይሳሳል፤ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ጭራሽ ጭረት የለም። ቡናማው የቀረው ከግድቡ በታች ብቻ ነው፤ ግድቡን ደግሞ ዘሎ አይወጣም።

ሃልቫር ተመልሶ የቱሬ በር ላይ ቆመ።

"ስልሳ ዓመት ስታውቅ ለምን አልነገርከኝም?"

"ስትሸከመው አይቼሃለሁ" አለ ቱሬ። "በየምንጩ ውኃውን እየቀየርክ፣ አንድ እንኳ ሳይሞትብህ። እንዲህ ለለፋ ሰው ጥፋቱን መንገር አቃተኝ።"

ሃልቫር ቆቡን አወለቀ። ይህ ዝምተኛ ስሙን ስልሳ ዓመት ሙሉ ጠብቆለት ኖሯል!

እሑድ፣ ቤተሰቡ ድንችና ቂጣ ቀርቦለት እንደ ተቀመጠ፣ ሃልቫር ማንኪያውን አስቀመጠ።

"ስሙኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ከግድቡ በላይ ያለውን ዓሣዬን ሁላችንም እናጠምዳለን፤ አንድም እስከማይቀር፣ ዓመታት ቢፈጅም። ከዚያ ቡናማውን ከታች ወደ ላይ እኔው አወጣለሁ።"

"አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ? በምን ልትሸከመው?" አለች ልጁ ኢንገጌርድ።

"በዚያው በቆርቆሮዬ። አበባሽን አንሺልኝ።"