ገጽ መቶ አሥራ ሁለት

ኤቢሴ ሂርጳ አምቦ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ታድላለች። ስለ መጽሐፍ አስተያየት አጥታ አታውቅም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሚገናኘው የንባብ ቡድን ውስጥ ሌላው ሰው «እንደ እኔ እንደ እኔ» እያለ ሲያመነታ፣ እሷ ደብተሯን ገልጣ «ይኼ ደራሲ አታሎናል» ብላ ትጀምራለች። ስለዚህም በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የቡድኑ አስተባባሪ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ደግፌ፣ በሦስት ወር ውስጥ ስላነበቧቸው ሦስት መጻሕፍት ማጠቃለያውን እሷ እንድታቀርብ ሲጠይቃት ማንም አልተገረመም።

የመጀመሪያው የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ነበር። ኤቢሴ ገና ሩቡን ሳትጨርስ ገዳዩ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መሆኑን ደርሳበታለች፤ ደራሲው ግን መጨረሻ ላይ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መንታ ወንድም አምጥቶ ጥፋቱን በእሱ ላይ አላከከ። ደብተሯ ላይ «ሌብነት ነው» ብላ ጻፈች። ሁለተኛው ምናባዊ ልቦለድ ነው። ሙታን በዓመት አንድ የገበያ ቀን ተመልሰው፣ ስለ እነሱ የተወራውን የሚያርሙበት አገር ታሪክ ነበር። «ቋንቋው ያምራል፤ ግን ለትልቅ ሰው አይሆንም» ብላ አለፈችው።

ሦስተኛው የታሪክ መጽሐፍ ነበር። ተሬፋ ኦሊቃ የሚባሉ ጡረታ የወጡ መምህር በምዕራብ ሸዋ ገጠር ትምህርት ቤቶች እንዴት እንደተከፈቱ የጻፉት ነው። ይኼኛውን እያመሰገነች፣ በእርሳስ እያሰመረች ስታነብ ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ደረሰች። እጃጂ አጠገብ ስለተከፈተ አንድ ትምህርት ቤት ሲያወሩ መምህሩ እንዲህ ብለዋል፦ «ሆርዶፋ ጉርሜሳ የተባሉ የአካባቢው ባላባት ትምህርት ቤቱ እንዳይከፈት ሰው አሳድመው ሦስት ወር ታስረዋል።»

ሆርዶፋ ጉርሜሳ አያቷ ናቸው። ኤቢሴ በሕይወት አልደረሰችባቸውም፤ ታሪካቸውን ግን እንደ ስሟ ታውቀዋለች። ለዚያ ትምህርት ቤት መሬት የሰጡት እሳቸው ናቸው። ሰርግ ላይ ሽማግሌ ሲቀመጥ ይኼ ወሬ ይነሳል፤ ገና ሲሆን አባቷ ይተርኩታል። እሷ ራሷ ለሥራ ስትወዳደር «የአያቴ መሬት ላይ ነው አባቴ የተማረው» ብላ ፈታኞቹን አስደምማለች። አረፍተ ነገሩን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ መጽሐፉን ከድና ሽፋኑን አየች፤ ሌላ መጽሐፍ የያዘች ይመስል።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቷ ቤት ሄደች። ኦቦ ሂርጳ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እያንቀሳቀሱ አነበቡት።

«ይኼ ሌላ ሆርዶፋ ነው» አሉ።

«ሆርዶፋ ጉርሜሳ፣ ባላባት፣ እጃጂ አጠገብ?»

«ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከወንዙ ማዶ ነበር የሚኖረው።»

ኤቢሴ ስለዚያ ሰው ሰምታ እንደማታውቅ ስትነግራቸው፣ ስለ እሱ የሚያወራ ስለሌለ ነው አሏት። የልቦለዱ መንታ ወንድም ትዝ አላት። አባቷን ልትጠራጠር አልፈለገችም፤ ግን ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እሳቸው የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። በዓይናቸው አይተው በሕይወት ያሉት የአባቷ ታላቅ እህት ድንቅቱ ብቻ ነበሩ።

ቀጣዩን ሐሙስ ፈቃድ ጠይቃ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ጉደርን አልፈው ጌዶ ሲደርሱ ፍተሻ ነበር፤ ሁሉም ወርዶ መታወቂያውን ሲያሳይ እሷም አሳየች። «ኤቢሴ ሂርጳ ሆርዶፋ» ብሎ ፈታሹ ጮክ ብሎ ሲያነበው የአያቷ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ ሳይላት ቀረ።

አዳዳ ድንቅቱ፣ የአባት እህት አዳዳ ትባላለች፣ እጃጂ ከከተማው ዳር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። እግራቸው ቢደክምም ጨዋታቸው አልደከመም። ኤቢሴ ገጹን ወደ አፋን ኦሮሞ እየመለሰች አነበበችላቸው። ሴትዮዋ እንደ መደንገጥም እንደ መከፋትም አላሉም።

«ታስሯል እንጂ። ጌዶ ነው የታሰረው» አሉ።

ከዚያ ተረኩላት። አባታቸው ትምህርት ቤት ከተከፈተ ልጅ ከከብቱ ይነጠላል፣ ግብርም ይከተላል ብለው ሰው አሳድመው ነበር። ታስረው ሲመለሱ ግን ቁጭ ብለው አሰቡና፣ ራሳቸው ተነስተው መሬት ሰጡ። የሰጡትም መሬት «ይኼ የአንቺ ነው» ብለው ለድንቅቱ ያሳዩዋቸው የነበረው ነው።

«እርስዎስ ተማሩበት?» አለች ኤቢሴ።

«ሴት አይላክም አለ። ወንዶቹ ተማሩ።»

ኤቢሴ ይኼንን በደብተሯ ጻፈች። ልቧ ረጋ አለ፤ መጽሐፉም እውነት፣ የቤተሰቡም ወሬ እውነት ሆነላት። የመሬቱ ነገር ቢከነክናትም፣ ቢያንስ ነገሩ ተያያዘ። ምሳ በልተው ስለ ዘመድ አዝማድ ሲጫወቱ ግን አዳዳ ድንቅቱ ማንም ሳይጠይቃቸው እንደገና አነሱት። አሁን እንዳሉት አባታቸው የታሰሩት በትምህርት ቤቱ ምክንያት አልነበረም። ኦሊቃ ከሚባል ጎረቤት ጋር በድንበር ተጣልተው በዱላ መትተውት ነው የታሰሩት። ሽማግሌ ሲያስታርቃቸው፣ የተጣሉበት መሬት ለማንም ሳይሆን ለትምህርት ቤት ይሁን ተባለ።

«አዳዳ፣ ቅድም እኮ የእኔ መሬት ነው ብለውኝ ነበር።»

«ቅድም ያልኩሽም እውነት ነው» አሉና ጓሮ ያሰሯትን ጥጃ ሊያዩ ተነሱ።

ኤቢሴ የመጽሐፉን ሽፋን አየች። ተሬፋ ኦሊቃ። የተደበደበው ሰው ልጅ የደብዳቢውን ስም አጠፋ ማለት ነው ብላ ገመተች። አዳዳ ድንቅቱ ሲመለሱ ያ ኦሊቃ የዚህ መምህር አባት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ኦሊቃ የሚባል ስንት ሰው አለ ብለው መለሱላት። መግቢያውን ገልጣ ብታይ ደግሞ ደራሲው እንጭኒ ተወልጄ አደግሁ ይላሉ። እንጭኒና እጃጂ ሩቅ ለሩቅ ናቸው። በወንጀል ልቦለድ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ገዳዩን ይዛው ነበር። አሁን ግን ገዳይም የለም፣ ሟችም የለም፤ ያለው አንድ የሣር ሜዳ ላይ የተሠራ ትምህርት ቤት ነው። እሱንም ስትመለስ በሚኒባሱ መስኮት አየችው። ልጆች ከአጥሩ እየወጡ ነበር።

ቅዳሜ ቡድኑ ሲሰበሰብ ስለ ወንጀሉ መጽሐፍ ስለ መንታው የጻፈችውን አነበበች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ወትሮው አልደፈረም። ስለ ምናባዊው ልቦለድ የጻፈችውን ዘለለችው። ከዚያ ገጽ መቶ አሥራ ሁለትን ጮክ ብላ አነበበችና ሰውየው አያቷ መሆናቸውን ተናገረች።

ደግፌ «ታዲያ እውነት ነው ውሸት?» አላት።

«አላውቅም» አለች ኤቢሴ። «ሁለት ሰው ጠይቄ ሦስት መልስ ይዤ መጥቻለሁ።»

ያኔ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ የተጻፈ ከተነገረ ይሻላል አለ፤ ሌላው የጻፈውም ሰምቶ ነው አለ። ውባየሁ የምትባል የሁለተኛ ደረጃ መምህርት፣ ብዙ የማትናገር ሴት፣ ለምን ደራሲውን አትጠይቂም ብላ ከመጽሐፉ ጀርባ ያለውን ስልክ አሳየቻት። ኤቢሴ ይኼን ያህል መንገድ ተጉዛ እሱን አለማሰቧ አሳፈራት።

ሰኞ በምሳ ሰዓት ደውላ አክስቷን እንደጠየቀች ነገረቻቸው። ቁጣ ጠብቃ ነበር፤ መምህር ተሬፋ ግን ለስላሳ ሽማግሌ ሆነው ተገኙ። ያንን አረፍተ ነገር ከሁለት አዛውንት ሰምተው እንደጻፉት፣ ሁለቱም ማረፋቸውን ነገሯት። አባታቸውን በልጅነታቸው ስላጡ እጃጂ ኖረው እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም።

«መጽሐፉ እንደገና ይታተማል» አሉ። «አክስትሽ ያሉሽን ጽፈሽ ላኪልኝ። እኔ አስገባዋለሁ።»

«የትኛውን?» አለች ኤቢሴ።

መምህሩ ያመነችበትን እንድትልክ ነገሯት።

ማታ አባቷ ደውለው እህታቸው ምን እንዳሉ ጠየቋት። ደህና ናቸው፣ ጥጃዋም ደህና ናት አለቻቸው። እሳቸውም ከዚያ በላይ አልጠየቁም። ስልኩን ዘግታ በአንድ ወረቀት ላይ አክስቷ መጀመሪያ የነገሯትን፣ በሌላ ወረቀት ላይ ሁለተኛውን ጻፈች። ወንዝ ማዶ ይኖር ስለነበረው ሆርዶፋም ሦስተኛ ወረቀት ጀምራ ከስሙ በታች የምትጽፈው አጣች። ሦስቱንም ፎቶ አንስታ ለመምህሩ ላከችላቸው። ያመነችበት የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፈችም።